ነፃ የጥርስ ሕክምና ወደ መንዝ ሊመጣልን ነው፣ ምን እናዘጋጅ?

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ከአዲስ አበባ የሚመጡ የጥርስ ሐኪሞች ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ቅዳሜና እሁድ ጧሪ የሌላቸውን አዛውንቶችና የችግረኛ ልጆችን በነፃ እናክማለን ብለውናል። ቦታና ምዝገባ የኛ ነው። እዚህ ጥርሱን ያመመው ሰው ደብረ ብርሃን መሄጃ ስለሌለው ቅርንፉድ ነክሶ ነው የሚያድረው፣ እና ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጥቶ ግማሹ ሳይታይ እንዳይመለስ ፈራሁ። ትምህርት ቤቱ ይሻላል ጤና ጣቢያው?

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ጣቢያው። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚጸዳበት አውቶክሌቭ እዚያ ነው ያለው። ግን መጀመሪያ "መንቀል ብቻ ነው ወይስ መሙላትም አለ?" በላቸው። በዘመቻ ጊዜ መንቀል ስለሚቀል ሁሉም ወደዚያ ያደላል፣ ልጆቹ ላይ ግን ያሳዝነኛል። በ6 ዓመት ግድም ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ ቋሚ ነው። ወላጅ "ይተካል" ብሎ ያስነቅለዋል። አይተካም! ቀዳዳው ጥልቅ ካልሆነ በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ግላስ አዮኖመር በሚባል መሙያ ይሞላል፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ለአዛውንቶቹ ግፊትና ስኳር ይለካ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ካለ ምዝገባው ላይ ይጻፍ፣ በራሱ ግን እንዳያቆም።

ሮቢቴው፦
እኛ ጋ ወረፋ አስከባሪው ዘመዶቹን አስቀድሞ ጉድ አፈላ። ስም ዝርዝሩን ከዕድሩና ከጤና ኤክስቴንሽኗ ውሰዱ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር አብጠርጥረው ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹን ደግሞ በዚያ የመንዝ ብርድ በጠዋት አትጥሯቸው። የተነቀለም ሰው ደሙ ሳይቆም የእግር መንገድ አይጀምር።

ታዛቢ፦
ይቅርታ ግን፣ ሁለት ቀን መጥቶ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ምን ይባላል? እናቴን እንዲሁ በነፃ ነቀሉላትና አሁን ቆሎ ቀርቶ ቂጣም በሻይ አርሳ ነው የምትበላው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማን ይሠራላታል?

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦
እውነትህን ነው። እሱ ልክ መውሰድና ምልልስ ስላለው በሁለት ቀን አያልቅም። ቢሆንም መግል የያዘ ጥርስ አፍ ውስጥ ይቀመጥ አይባልም ወንድሜ።

የመንዝ ልጅ፦
አሁን ደወልኩላቸው። መሙያው አለ፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ቃል አንገባም አሉ። ቁርጡን መናገራቸው ጥሩ ነው። እነሱ ከሄዱ በኋላ የሚያብጥበት ወይ የሚደማ ሰው ቢኖር ማን እንደሚያይልን ግን ገና አልመለሱልኝም፣ እሱ ሳይታወቅ ምዝገባ አልጀምርም።