የፕሪንተር ድራይቨር አልጫን አለኝ፤ «በሲስተምዲ አልተነሳም» ይላል

ኮፒ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ አለኝ። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ አንድ ልጅ በዊንዶውስ ፈንታ ኤምኤክስ ሊኑክስ 23 የሚባለውን ሲስተም ጫነልኝ። ቀላል ነው፣ ተመችቶኛል። ሰሞኑን አዲስ ፕሪንተር ገዛሁ። ድራይቨሩ የዴብ ፋይል (የሊኑክስ መጫኛ) ነው። ስጭነው እስከ መጨረሻው ይሄድና ይቆማል። የሚለው ባጭሩ «ኮምፒውተሩ በሲስተምዲ ስላልተነሳ መሥራት አልችልም» ነው። ሦስቴ አወረድኩት፣ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፕሮግራም ስጭንም ይህንኑ ስህተት ይደግምብኛል። መምህራን ፈተና ሊያባዙ ተሰልፈዋል፣ ኧረ ድረሱልኝ!

የቢቸናው፦
ፎርማት አድርጊውና ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ ጫኚ። ትገላገያለሽ።

የማርቆሱ፦
ኧረ ተው ወንድሜ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እህቴ፣ ፋይሉ ደህና ነው። ዳታሽን በከንቱ አትጨርሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ቁጥሩ ፒአይዲ 1 ነው። እንደ አውራ ዶሮ ሌሎቹን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሥራ ሲስተምዲ ለሚባል ፕሮግራም ሰጥቷል። ኤምኤክስ 23 ደግሞ ዴቢያን ላይ የተሠራ ቢሆንም፣ ካልነኩት የሚነሳው በድሮው በሲስቪኢኒት ነው። የድራይቨሩ ፋይሎች ገብተዋል። የመጨረሻው ስክሪፕት ግን «ሲስተምዲ ሆይ፣ አገልግሎቴን አስነሳልኝ» ብሎ ይጣራል፣ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የድራይቨሩ ጥቅል በግማሽ ተሰቅሎ ቀረ። ሌላ ነገር በጫንሽ ቁጥር የሚጮኸውም እሱ ነው።

ለማረጋገጥ ተርሚናል ላይ «ፒኤስ -ፒ 1» በይ፣ በላቲን ፊደል ማለቴ ነው። «ኢኒት» ካለሽ የነገርኩሽ ነው።

ደስ የሚለው፣ ኤምኤክስ 23 ሁለቱንም ይዞ ነው የሚመጣው። ሪስታርት አድርጊና ጥቁሩ ሜኑ ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተሽ ሲስተምዲ የሚለውን ምረጪ። ከዚያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በይ። የተሰቀለውን ይጨርስልሻል።

ዳንግላ፦
ያን የመጨረሻ ስክሪፕት ከፍቶ ሲስተምሲቲኤል የሚለው መስመር (ሲስተምዲን የሚጠራው) ፊት መሰላል ምልክት (#) አድርጎ እንዲዘለል ማድረግም ይቻላል። እኔ አድርጌዋለሁ። ግን ያ መጫኑን ነው የሚያስጨርሰው፤ አገልግሎቱ በራሱ አይነሳም። ለሥራ ቦታ አልመክርም።

ኮፒ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፦
እግዜር ይስጥልኝ የማርቆሱ! ሠራ። አርባ ገጽ አወጣሁ። ከዚያ መብራት ሄደ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። መልሼ ስከፍተው ፕሪንተሩ ዝም።

የማርቆሱ፦
ጥፋቱ የኔ ነው፣ መንገር ነበረብኝ። የመረጥሽው ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በራሱ ሲነሳ ወደ ድሮው ይመለሳል። «ኤምኤክስ ቡት ኦፕሽንስ» የሚል መሣሪያ አለ። እሱን ክፈቺና መነሻውን ሲስተምዲ ያለበት መስመር ላይ አድርጊው። ሴቭ ብለሽ ሪስታርት አድርጊ። ያን «ፒኤስ» ደግሞ ድገሚው፤ አሁን «ሲስተምዲ» ማለት አለበት።

ኮፒ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፦
ብሏል! ሆን ብዬ አጥፍቼ ሁለቴ አስነሳሁት፣ ፕሪንተሩ አለ። የቢቸናው፣ ኡቡንቱህን ለሌላ ቀን አቆይልኝ፤ አሁን የሒሳብ ፈተና እያተምኩ ነው።