«በልቻለሁ» የምትል ልጅ ዋርዳችን ተኝታለች፤ ከየት ልጀምር?

የማታ ዱቲ

ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን የምጽፈው ከሌሊት ዱቲ ወጥቼ ነው። መተኛት ነበረብኝ፣ ግን ዓይኔ እምቢ አለ።

የዛሬ አምስት ቀን አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ወድቃ እናቷና ታላቅ ወንድሟ በባጃጅ አመጧት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 37 ኪሎ። የልብ ምቷ 42፣ የደም ግፊቷ 85/55፣ ሙቀቷ 35.1፣ ስኳሯ 58 ነበር። ቲቢ ነው ተብሎ አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ታየ፣ ራጅም ተነሣች፤ የለባትም። ኤች አይ ቪ የለባትም። ታይሮይዷ ደህና፣ ሰገራዋም ደህና። ፖታሲየሟ ብቻ ዝቅ ብሎ 3.0 ሆኖ ተገኘ። አሁን ቻርቷ ላይ የሰፈረው «ጨጓራ» የሚል ነው። የልብ ምቷን ራውንድ ላይ ሳነሣ «ብዙ ስለምትሄድ የስፖርተኛ ልብ ይሆናል» ተባልኩ። እውነትም በየማለዳው እስከ ጅረን ድረስ በእግሯ ወጥታ ትመለስ ነበር አሉ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ትሪው ነው። እናትየዋ ታቀርብላታለች፤ ልጅቷ እንጀራውን ጥፍር በሚያክል መጠን ትቆራርሰዋለች፣ ወጡን ወደ ጠርዝ ትገፋዋለች፣ ከዚያ «በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ትታጠባለች። ትሪው እንደመጣ ይመለሳል። ትናንት ማታ አንሶላዋን ሳስተካክል በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ ከትራሷ ሥር ወደቀ። አየችኝ፣ አየኋት። አንሥቼ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩትና ምንም አላልኩም።

እናትየዋ ግራ ገብቷታል። «ቤት ውስጥ ምግብ የምትሠራው እኮ እሷ ናት፤ ወንድሞቿ ካልበሉ ትቆጣለች፤ እንዴት ምግብ ጠላች ይባላል?» አለችኝ። ቀጥላም በኩራት «ዘንድሮ ረመዳንን አንድ ቀን ሳታጎድል ነው የጾመችው፤ ከዚያም ወዲህ ሰኞና ሐሙስን አትለቅም» አለች። አክስትየዋ ደግሞ ቡዳ ነው ትላለች።

ስንማር ስለ አኖሬክሲያ፣ ማለትም ሰው መወፈርን ፈርቶ ራሱን ስለሚያስርብበት ሕመም፣ ጥቂት ገጽ አንብበን ነው ያለፍነው። የሩቅ አገር በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሳላስደነግጣት ምን ብዬ ልጠይቃት? እናትየዋ በግድ ታጉርሳት ወይስ ልከልክል? የምግብ ቱቦ ይግባላት ይሆን? እንደመጣች ግሉኮስ ሰቅለንላታል። ቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ፤ ማታ እመለሳለሁ።

ሲስተር፣ የአእምሮ ጤና ነርስ

እህቴ፣ ዳቦውን አይተሽ ዝም ማለትሽ ብዙ ነገር አድኗል። ያኔ ጮኸሽባት ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለውን ዳቦ አታገኚውም ነበር።

መጀመሪያ ልቧን እናድን፣ ወሬው ይደርሳል። 42 የልብ ምት ከ35.1 ሙቀትና ከ85 ግፊት ጋር ሲመጣ የስፖርተኛ ልብ አይባልም። ነዳጅ ያለቀበት ሰውነት ምድጃውን ሲቀንስ ነው። ክብደቷን በቁመቷ ስታሰይው ቢ ኤም አይ 14.5 ገደማ ይመጣል። ከ15 በታች በበሽታው የመጨረሻ የከፋ ደረጃ የሚመደብ ነው። ኢ ሲ ጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሣ፣ ተኝታና ቆማ ግፊቷና ምቷ እንዲለካ አድርጊ። ከተኛችበት ስትነሣ እጇን ሳትደግፍ መነሣት ትችላለች? ቁጢጥ ብላ መነሣትስ? ይህን ሳትነኪያት አይተሽ መመዝገብ ትችያለሽ፤ የጡንቻዋን ጉልበት ይነግርሻል።

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ስታቢላይዜሽን ክፍል ሠርተሽ የምታውቂ ከሆነ ትልቁን ነገር ቀድሞውኑ ታውቂዋለሽ። ከስቶ የመጣን ሕፃን ገና በመጀመሪያው ቀን ኃይለኛውን የሕክምና ወተት ኤፍ 100 አንሰጠውም፣ በቀለል ያለው በኤፍ 75 ነው የምንጀምረው። ለዚህች ልጅም ምክንያቱ ያው ነው። የተራበ ሰውነት ድንገት ስኳር ሲያገኝ ኢንሱሊን ይወጣል፤ ኢንሱሊኑ ፎስፌቱን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከደም ጠርጎ ወደ ሴል ያስገባል። ደሙ ባዶ ሲቀር ልብ ይዛባል፣ መተንፈስ ይከብዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእስር የወጡ ምርኮኞች ረሃቡን ተቋቁመው እህል ሲቀምሱ የሞቱት በዚህ ነው። የእንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. የ2006 መመሪያ ቢ ኤም አዩ ከ16 በታች የሆነን ሰው ያለ ሌላ ምክንያት ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው ይላል፤ ጅማሬውም በኪሎ በቀን ከ10 ካሎሪ እንዳያልፍ ያዛል። ለእሷ 370 ማለት ነው። ከምግቡና ከግሉኮሱ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ 1) መቅደም አለበት። እናንተ ግሉኮስ ሰቅላችኋል፤ ስለዚህ ማታ እስክትገቢ አትጠብቂ፣ አሁን ለተረኛው ደውዪ። ለብቻው ታያሚን ከጠፋ ቢ ኮምፕሌክስ ውስጥ አለ።

አንድ የምለምንሽ ነገር፤ መብላት ከጀመረች በኋላ ምቷ ከ42 ተነሥቶ ድንገት 95 ቢገባ «ተሻላት» ብለሽ አትመዝግቢ። እግሯ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ንግግሯ ከተምታታ ሐኪም ጥሪ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የባሱ ናቸው፤ እስከ አሥር ቀን ግን ዓይንሽን አታንሺ።

አሁን ስለ ረመዳኑ። ያን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የ19 ዓመት ሙስሊም ሴት በወር አበባዋ ቀናት አትጾምም፣ ያጎደለችውን በኋላ ቀዷ ብላ ትተካለች። ወሩን ሙሉ አንድም ቀን ካላጎደለች የወር አበባዋ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እናትየዋ የኮራችበት ነገር ራሱ የበሽታው ምልክት ይሆናል፤ ሳታውቀው ነገረችሽ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወር አበባ መቆም ለምርመራው የግድ አይደለም፤ ግን አጥንቷ እየሳሳ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁምሻል። የእርግዝና ምርመራም ጽፈሽ አላየሁም፤ ይሠራ።

ፖታሲየሙ ደግሞ ሌላ ወሬ አለው። መራብ ብቻውን ብዙ ጊዜ እንዲህ አያወርደውም፤ ማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይኖራል ብለሽ ጠርጥሪ። ካኑላውን (የደም ሥር መርፌውን) ስታስተካክዪ የእጇን ጣቶች መገጣጠሚያዎች እይ፤ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ጥርስ እየላጠው ጠባሳ ይሠራል። ጆሮ ደግፍ የመሰለ የጉንጭ እብጠት፣ የፊት ጥርስ ከጀርባው መሳሳት፣ ክንድና ጀርባ ላይ የበቀለ ስስ ጸጉር ካለም እይ። ለማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጠውን ሻይ፣ ከፋርማሲ የምትገዛውን፣ ኮሶም ቢሆን ጠይቂ። ጫትም ጠይቂ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ተማሪ «ለጥናት ነው» እያለ ረሃቡን በጫት ሲያስታግስ ስንቱን አይተናል።

እንዴት ትጀምሪያለሽ? «ለምን አትበዪም» ብለሽ አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ ውስጥ የወጡ አምስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለቱን አዎ ካለች ጥርጣሬሽ ይጠነክራል። እኔ ቅደም ተከተላቸውን ገልብጬ ነው የምጠይቃቸው፤ ከመጨረሻው፣ ከማያሳፍረው እጀምራለሁ። «ስለ ምግብ ማሰብ ቀንሽን ይወስድብሻል?» ከዚያ፣ ሰው ሁሉ ከስተሻል ሲላት እሷ ራሷን ወፍራም አድርጋ ታይ እንደሆነ፤ በሦስት ወር ከስድስት ኪሎ በላይ ቀንሳ እንደሆነ፤ መብላት ከጀመርኩ ማቆም አልችልም ብላ ትሰጋ እንደሆነ፤ በመጨረሻ ሆዷ ሲሞላ ጨንቋት ሆን ብላ አስመልሳ ታውቅ እንደሆነ። መሞት ትመኝ እንደሆነም በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ውስጥ ራሳቸውን የሚያጠፉ አሉና። ኦሮምኛ የምትናገር ሲስተር አብራሽ ትቀመጥ። እናቷንም ወንድሟንም አስተርጓሚ አታድርጊ፤ በእናቷ አፍ ይህን አትመልስልሽም።

እናትየዋ «ለሰው ታበስላለች» ስላለችው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪይስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ቀለብ አቆይቷቸው ነበር። ከምግብ ሌላ ወሬ ጠፋባቸው፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር፣ ከሰው ሸሹ፣ ተከዙ። ጤነኞቹን እንዲህ ያደረጋቸው ረሃቡ ነው። ለእናትየዋ ይህን ንገሪያት፤ «ልጄ ተንኮለኛ ሆነች» ከማለት ያድናታል።

ጉርሻን በተመለከተ፣ በግድ አይሆንም። እናትየዋን ግን ከትሪው አታርቂያት። ለንደን ውስጥ በሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ወላጅ ምግቡን እንዲመራ ነው የሚያደርገው፤ ምን ያህል እንደሚቀርብ ወላጅ ይወስናል፣ ልመናም ስድብም የለም። አጠገቧ ትቀመጥ፣ አብራት ትብላ፣ ስለ ሌላ ነገር ያውሩ። ከበላች በኋላ ለአንድ ሰዓት ብቻዋን ሽንት ቤት አትሂድ። ይህን ሰዓት የቡና ሰዓት ነው እላቸዋለሁ፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚወስደው ጊዜ ነው። ቡናው ግን ይቅር፤ የምግብ ፍላጎትን ሊዘጋ የሚችል ነገር ነው፣ ወጉ ብቻ ይበቃል።

ስትመዝኛት በማለዳ፣ ሽንቷን ከሸናች በኋላ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጋቢና ጫማ ሳይኖር፣ በመጋረጃ ተከልላ ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ ሳንቲም አግኝቻለሁ። ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አታንብቢው። ቱቦው የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ሕይወት ለማትረፍ ከሆነ ይገባል። «ካልበላሽ ቱቦ እናስገባብሻለን» ተብሎ ማስፈራሪያ ሲሆን ግን አልወድም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ሲስተር በጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቀስ ማለትም ልክ አለው። 370 ላይ አንድ ሳምንት ከቆየች ክብደቷ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ያም ይገድላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ሰውነታቸው የተረጋጋ ወጣቶች በቀን 2000 ካሎሪ ጀምረው ያለ ተጨማሪ ጉዳት ቶሎ እንዳገገሙ አሳይተዋል። ይህች ልጅ ግን ገና አልተረጋጋችም፣ እነዚያም በየቀኑ ደማቸው ይታይ ነበር። እኔ ብሆን ዝቅ ብዬ እጀምርና ፖታሲየምና ፎስፌት በየቀኑ እየታየ በየአንድ በሁለት ቀን ከፍ አደርጋለሁ። ፎስፌት እናንተ ጋ የማይሠራ ከሆነ ውጭ ላብራቶሪ ይላክ፤ ወተት በራሱ ጥሩ የፎስፌት ምንጭ ነው። ኢ ሲ ጂው ላይ ኪው ቲ የሚባለው የልብ ምት ርዝመት ሳይታይ ለማቅለሽለሽ ተብሎ ኦንዳንሴትሮን እንዳይሰጣት።

ኮቺ ነው ያደግኩት

እኔ ነርስ አይደለሁም፤ ታማሚ ነበርኩ። 16 ዓመቴ ላይ ጀመረኝ፣ አሁን 27 ነኝ።

የእኔ መደበቂያ ሁዳዴ ነበር። 55 ቀን ወተትና ቅቤ አልነካም፣ ማንም አይጠይቀኝም፤ እንዲያውም ጎረቤት ሁሉ «ጎበዝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች» እያለ ለልጆቹ ምሳሌ ያደርገኝ ነበር። ሁዳዴው ሲፈታ እኔ አልፈታሁም። ጠበል ወሰዱኝ፤ ጠበሉን አልነቅፍም፣ እናቴን ያጽናናት እሱ ነው። ግን እዚያ ማስመለስ እንደ መንጻት ስለሚታይ እኔ ተመቸኝ፤ ማንም አልጠረጠረኝም።

ያዳነኝ አንዱ ነገር የንስሐ አባቴ ናቸው። ነርሷ ከእናቴ ጋር ተነጋግራ አስጠራቻቸው። «እስክትድኚ ድረስ ቀኖናሽ በሰዓቱ መብላት ነው» አሉኝ። በጾም ስም የምደበቅበት ቦታ አለቀ። ለልጅቷም የሚሰሙት ኡስታዝ ካለ ይነጋገሯት፤ ለታመመ ሰው ጾም በሌላ ቀን እንደሚተካ ቁርአን ራሱ ይላል አይደል?

ሌላው ልመናዬ ለእናንተ ለነርሶቹ ነው። ትንሽ ሲሻላት «ወዝሽ ተመለሰ፣ ወፈር ብለሽ አማረብሽ» እንዳትሏት። ለእኛ አገር ይህ ምርቃት ነው፤ በፍቅር ነው የሚባለው። እኔ ግን ያንን ቃል ከአንዲት ደግ ሲስተር በሰማሁበት ቀን የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። «ዛሬ ድምፅሽ ጠንክሯል» በሏት። «ዛሬ ሳቅሽ» በሏት።

የማታ ዱቲ

ስድስት ቀን ቆይቼ መጣሁ፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደውዬ ታያሚኑ በዚያው ቀን ተጀመረላት። ኢ ሲ ጂ ተነሣ፣ ፖታሲየም ተሰጣት፣ ፎስፌቱ ውጭ ተልኮ 2.1 መጣ፤ ዝቅ ያለ ነው። የእርግዝና ምርመራው ነጻ ነው። በሦስተኛው ቀን እግሯ ትንሽ አብጦ ምቷ 88 ገባ። ሲስተር፣ ያን ባትጽፊልኝ ኖሮ በእውነት «ተሻላት» ብዬ እጽፍ ነበር። ደወልኩ፣ ምግቡ ለአንድ ቀን ባለበት እንዲቆም ተደረገ።

ጥያቄዎቹን ኦሮምኛ ከምትናገር ባልደረባዬ ጋር ሆነን ጠየቅናት። ስለ ምግብ ማሰብ ቀንሽን ይወስዳል ወይ ስንላት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ከሱብሒ እስከ ዒሻ፤ ከዚያ በኋላም በሕልሜ» አለች። ከአምስቱ ሦስቱን አዎ ብላለች። ቀኝ እጇ ላይ ጠባሳው አለ፤ አምስት ቀን ሙሉ ያን እጅ ይዤ ካኑላ ሳስተካክል አላየሁትም። መሞትን «አልፎ አልፎ» እንደምታስብ ነግራናለች፤ የአእምሮ ሕክምና ቡድኑ መጥቶ አይቷታል፣ እናትየዋም ሌሊት አትለያትም።

ዛሬ ጠዋት 37 ከ800 ናት፤ ከዚያ ውስጥ ውኃው ስንት እንደሆነ አላውቅም። ዳቦ አሁንም ትደብቃለች፤ ትናንት ሁለት ቁራሽ አገኘሁ። እናትየዋ ግን አብራት መብላት ጀምራለች፤ ከበሉ በኋላ ስለ ቡና ለቀማ፣ ስለ ልጅነቷ እያወራች ሰዓቱን ታሳልፍላታለች። እኔም ዱቲ ሲሆን ወንበር ስቤ እሰማለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ስትወጣ በየሳምንቱ የሚመዝናትና ፖታሲየሟን የሚያይላት ለቤቷ የቀረበ ጤና ጣቢያ ያስፈልጋታል። ወደ ጅረን መውጫ አካባቢ የምትሠሩ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማጠቃለያዋን በጄ እጽፍላችኋለሁ።