ሙድል ላይ ፈተና መሃል ኔትወርክ ሲጠፋ ሰዓቱን ምን ላድርገው?
ሰላም ለሁላችሁም። ኮርሱ በሙድል (ትምህርትና ፈተና በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሶፍትዌር) የማስተምረው የሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስ ነው፤ 85 ተማሪ፣ አብዛኛው በስልክ ዳታ የሚገባ። የሌክቸር ቪዲዮው ለስልክ ዳታ መክበዱ ተፈቷል፦ የ50 ደቂቃው ሌክቸር ተቆራርጦ በሰከንድ ወደ 400 ኪሎቢት ሲወርድ የ8 ደቂቃው ክፍል 24 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ያስቸገረኝ ፈተናው ነው። 20 ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ፣ አንድ ሙከራ ብቻ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ሰዓቱ ሰርቨሩ ላይ መቁጠሩን አያቆምም፤ ተማሪው ሲመለስ 4 ደቂቃ ቀርቶት ያገኘዋል። መልሱ በየደቂቃው ራሱ ስለሚቀመጥ ብዙም አይጠፋም፣ ጊዜው ግን ሄደ። በሙድል አፕ ያለ ኔትወርክ እንዲፈተኑ ለመፍቀድ ደግሞ የሰዓት ገደቡን ማንሳት ግድ ነው፤ ያኔ መልሱ በቴሌግራም ሲዞር ይውላል (ይህን የማያውቅ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም)። ለአንድ ለሁለት ሰው ሰዓት ማራዘም ቀላል ነው፤ ለ30 ሰው እየተከታተሉ በእጅ ማስተካከል ግን የማይሆን ነገር ነው።

ሰዓቱን አንስቶ ጥያቄዎቹን ከ100 ጥያቄ ባንክ በዘፈቀደ ማውጣት ይሻላል ወይስ ፈተናውን ባለ 10 ደቂቃ ሦስት ቦታ መክፈል? ቁጥሩ በየተማሪው የሚለዋወጥ የስሌት ጥያቄ አፑ ላይ ያለ ኔትወርክ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የትኛውን የሙድል ቨርዥን እንደተጠቀማችሁም ጨምራችሁ ንገሩኝ።