የእናቴ ድመት እንድትቀበለኝ ምን ላድርግ?

የድመትን ጠባይ በቅርብ የምታውቁ ወይም የእንስሳት ሕክምና ሙያ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እናቴ እህቴን ልታርስ ወደ ውጭ አገር ስለሄደች፣ ለዓመታት አብራት የኖረችው ድመት ከእኔ ጋር ቀርታለች። ምግቧን የማቀርብላት እኔ ብሆንም የምትበላው ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች። የእናቴ ድምፅ በስልክ ሲሰማ ግን ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትወጣና፣ ጥሪው ካበቃ በኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ትጮኻለች።

ድመት የምትለምደው ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም የሚለው አባባል ለእኔ አያሳምንም። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በ20 የቤት ድመቶች ላይ ተሞክሮ፣ ድመቶች የባለቤታቸውን ድምፅ ከእንግዳ ሰው ድምፅ እንደሚለዩ አሳይቷል፤ ምላሻቸው ግን በአብዛኛው ጆሮንና ራስን ከማዞር አያልፍም ነበር። የእኛዋ ከዚያ አልፋ መጮኋ ነው ግራ ያጋባኝ።

ስለዚህ የእናቴን ድምፅ ማሰማቴን ብቀጥል ያጽናናታል ወይስ ናፍቆቷን አባብሶ እኔን እንዳትለምድ ያደርጋታል? የእናቴን ነጠላ መኝታዋ ላይ ባነጥፍላት ሽታው ይረዳት ይሆን? ዓይንን ቀስ አድርጎ ጨፍኖ መግለጥ ድመትን እንደሚያቀራርብ አንብቤ እየሞከርሁ ነው፤ እስካሁን ፊቷን ታዞርብኛለች። ምግብና ውኃ ባታቋርጥም፣ ሐኪም ዘንድ መውሰድ የሚያስፈልገው ምን ምልክት ሲታይ እንደሆነ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።