ለሁሴን መታሰቢያ፦ የተከሰሱት ሥዕሎች ይሰቀሉ ወይስ ይቅሩ?

አወያይ፦ ሕንዳዊው ሠዓሊ ማክቡል ፊዳ ሁሴን በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ለንደን ውስጥ ካረፈ ወዲህ የመታሰቢያ ዐውደ ርእይ ይዘጋጅለታል። በጥር 2025 ግን የዴልሂ ፍርድ ቤት፣ አንድ የግል ጋለሪ ካሳያቸው ሥራዎቹ ሁለቱ የሂንዱ አማልክትን ያዋርዳሉ በሚል አቤቱታ እንዲያዙ አዘዘ። እንዲህ ያሉት ይሰቀሉ ወይስ ይቅሩ?

ሸራ ወጣሪ፦ ይሰቀሉ እንጂ! ፈረሶቹንና ማዘር ቴሬዛን ብቻ ያየ ሰው፣ ሁሴን በ2006 ለምን ከአገሩ እንደወጣ፣ በ2010 ለምን የኳታር ዜግነት እንደወሰደ ከየት ይረዳል? የሂንዱዋን አምላክ ሳራስዋቲን እርቃኗን የሚያሳየው ንድፍ የ1970ዎቹ ሥራ ነው። ቁጣው የተነሣው በ1996፣ አንድ የሂንዲ መጽሔት ካተመው በኋላ ነው። በ2008 ደግሞ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በእርቃን ሥዕል የተነሣ የቀረቡበትን ክሶች ውድቅ አድርጓል፤ በውሳኔው ውስጥ የካጁራሆ ቤተ መቅደስ ጥንታዊ እርቃን ቅርጾች ሳይቀሩ ተነሥተዋል።

በር ጠባቂ፦ ወንድሜ፣ ቀለም ሊረጭ የመጣ ሰው ውሳኔ አያነብም። በ2006 ለንደን፣ ኤዥያ ሃውስ ውስጥ ሥዕሎቹ ላይ ቀለም ተረጭቶ ዐውደ ርእዩ ተዘጋ። ገንዘቡንም አስቡት። የሥዕል መድን በተለምዶ ከባለቤቱ ግድግዳ ተነሥቶ እዚያው እስኪመለስ ይሸፍናል፤ ሁከትና ሽብር ግን ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጪ ስለሆኑ ለብቻ ይገዛሉ። ሥዕሉን የሚያውሰን አበዳሪ ያንን ወረቀት ሳያይ አይፈርምም። ሁለት ንድፍ ለማሳየት ብላችሁ ሌሎቹን ሁሉ ታሳጡናላችሁ።

መዝገብ፦ ቅጂ ቢሰቀልስ?

በር ጠባቂ፦ በነሐሴ 2008 ዴልሂ ውስጥ ሳህማት የተባለው የአርቲስቶች ማኅበር ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ የተሰባበረው ቅጂ ነበር እኮ። ደግሞ በሕንድ ሕግ የቅጂ መብቱ ከሞት በኋላ 60 ዓመት ስለሚቆይ እስከ 2071 መጨረሻ የወራሾቹ ነው። ፈቃድ ሳይዙ ማተም ሌላ ክስ መጥራት ነው።

ሸራ ወጣሪ፦ ስለዚህ ዋናው ይሰቀል፣ ግን በሥርዓት። አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ምረጡ፤ ቦርሳ የሚቀመጠው ከክፍሉ በፊት ነው። ክፈፉ ያለ ልዩ መፍቻ በማይወልቅ ብሎን ይታሰር፤ ከፊቱ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት የሚያስጠብቅ ገመድ ይዘርጋ። መሸፈኛው ሲሰበር የማይበተን መስታወት ይሁን። ቀለል ስለሚል ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) የሚመርጡ አሉ፤ ለቀለም ንድፍ ይሆናል፣ በከሰል ለተሠራው ግን አይሆንም፤ ሲወለውሉት በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የከሰሉን ብናኝ ከወረቀቱ ይስበዋል። በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ፓስፓርቱ፣ ማለትም ሁለቱን የሚያራርቅ የካርቶን ጠርዝ፣ ካልገባ ደግሞ በዝናቡ ወራት እርጥበት ይቋጥርና ወረቀቱ ይለጠፋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት መብራቱ ላይ ነው። አነጋጋሪ ሥራ ነው ብለው አንድ ቦታ ላይ የሚያተኩር ኃይለኛ መብራት ይለቁበታል! ለወረቀት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል፤ የዘይት ቀለም ሸራ ነው 200 የሚችለው። ከሦስት ወር በላይም አይቆይ፤ የደበዘዘ ቀለም አይመለስም።

መዝገብ፦ ጽሑፉን ረሳችሁት። ማብራሪያው ከሥዕሉ ጎን ከሆነ ተመልካቹ ተቆጥቶ ካበቃ በኋላ ነው የሚያነበው። ክፍሉ መግቢያ ላይ ይሁን፤ መቼ ተሠራ፣ የት ታተመ፣ ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ በቃ። «አወዛጋቢው ሊቅ» የሚለው ሙገሳ ይቅርብን። መግባት የማይፈልግም ሌላውን ሁሉ አይቶ የሚወጣበት መንገድ ይኑረው። የክፍሉ ጥቅም ለእኔ ከጥበቃው ይልቅ ይሄ ነው።

ከዶሃ፦ ዶሃ ያላችሁ ወገኖች ኤጁኬሽን ሲቲ ብቅ በሉ፤ ለሁሴን ብቻ የተሠራው ሙዚየም ላውህ ወ ቀላም በኅዳር 2025 ተከፍቷል። ሕንጻው ራሱ ከሁሴን ንድፍ የተነሣ ነው። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ሲሩ ፊ አል አርድም፣ የመስታወት ፈረሶቹና አሮጌ መኪኖቹ ማለቴ ነው፣ እዚያው ነው። ዴልሂ ስትከራከር ዶሃ ሰቀለችው።

በር ጠባቂ፦ የመንግሥት ገንዘብና ጥበቃ ያለው ሙዚየም ከሠላሳ ሠራተኛ በታች ካለው ጋለሪ ጋር አይወዳደርም። እሺ፣ ክፍሉ ይዘጋጅ፤ ግን አበዳሪው በጽሑፍ ከተስማማና የሁከት መድኑ ከተገዛ ብቻ። አንዱ ከጎደለ ንድፉ አይወጣም። የካሜራውንም ነገር ጨምሩ፤ በ2025ቱ የዴልሂ ጉዳይ ከሳሿ የጋለሪው ካሜራ የቀረጸው እንዲጠበቅ ጠይቃ ነበር። ብዙ መቅረጫ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ሙሉው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ።

ሸራ ወጣሪ፦ በካሜራው እስማማለሁ። በመድኑ ግን አይደለም፤ ያኔ የሚሰቀለውን የሚመርጠው የመድን ድርጅቱ ይሆናል።