የኮሌጅ ቡድናችን የኋላ መስመር በየጨዋታው ይፈርሳል፤ ከየት እንጀምር?

ምክትል አሰልጣኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኮሌጅ እግር ኳስ ቡድናችን 4-3-3 (4 ተከላካይ፣ 3 አማካይ፣ 3 አጥቂ) ይጫወታል። በ6 ጨዋታ 14 ግብ ገብቶብናል፦ 6 በመልሶ ማጥቃት፣ 4 ከመስመር በተሻገረ ኳስ፣ 3 ከማዕዘን ምት፣ 1 በፍጹም ቅጣት ምት። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮቻችን ማጥቃት ይወዳሉ። የመሀል ተከላካዮቹ ቁመት አላቸው፣ ፍጥነት ግን የላቸውም። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ እንለማመዳለን፤ ቀጣዩ ጨዋታ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ወደ 3 የመሀል ተከላካይ ብንቀይር ይሻለናል?

ባለ 6 ቁጥር፦
ኮች፣ አሰላለፉን ገና አትንኩት። 6ቱ በመልሶ ማጥቃት ከገቡ ቀዳዳው የሚከፈተው ኳሱ በእናንተ እግር ላይ እያለ ነው። የእያንዳንዱን ግብ ቪዲዮ 15 ሰከንድ ወደኋላ መልሳችሁ እዩና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ኳሱ የተነጠቀው የት ነው፣ ያን ጊዜ ከኳሱ ኋላ ስንት ሰው ነበር፣ የነጠቀውን ተጫዋች ቀድሞ የተጠጋው ማን ነው። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ወጥተው፣ የመሀሎቹ ሁለቱ ብቻቸውን ሰፊ ባዶ ሜዳ ሲጠብቁ ታገኟቸዋላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

መፍትሔው፦ አንዱ የመስመር ተከላካይ ሲወጣ ሌላው ወደ መሀል ገብቶ ሦስተኛ ይሆናል። ከፊታቸው ተከላካይ አማካዩና አንድ 8 ቁጥር (ከቀሩት ሁለት አማካዮች አንዱ) ይቆያሉ፤ የቀሩት 5 ያጠቃሉ። ተጋጣሚ ፊት ላይ 2 ሰው ትቶ ከሆነ እናንተ ኋላ 3 ናችሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሰው ኋላ ይቀራል፣ ከአጥቂው ግን 10 ሜትር ርቆ ይቀራል፤ አጥቂው ተረጋግቶ ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ፍጥነቱን ይዞ ይመጣል። ቀርፋፋ ተከላካይ ያኔ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ኳሱ ገና በእናንተ እግር እያለ አጥቂው ከጀርባው በቅርብ ይያዝ፤ ትርፉ ሰው ደግሞ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ሆኖ ይሸፍን።

ኳሱ ሲነጠቅ ቅርብ ያለው ወዲያው ይጫናል፣ ሁለተኛው ወደፊት የሚሄደውን ቅብብል ይዘጋል። ለ5 ሰከንድ ያህል። ካልተገኘ ሁሉም ከኳሱ ኋላ ይመለስ፤ ከዚያ በላይ ብቻውን የሚያሳድድ ሰው ጀርባው ላይ ክፍተት ይተዋል።

ልምምዱ፦ 60 በ50 ሜትር፣ 8 ለ 8፣ ሁለት ግብ ጠባቂ። የአንዱ ቡድን ማጥቃት እንዳለቀ (ገባም ወጣም) ሁለተኛ ኳስ ወዲያው ለሌላው ቡድን ጣሉለት። በ10 ሰከንድ ካገባ 2 ነጥብ ይቆጠርለት። 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ 5 ዙር። በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ አታቁሙት፤ ከደጋገማችሁት ፍጥነቱ ይሞታል፣ የምትፈልጉት ሁኔታም አይፈጠርም።

የኋላ ደጀን፦
አሰላለፉን ባለመንካቱ እስማማለሁ። 3 የመሀል ተከላካይ ስታደርጉ የመስመር ተመላላሾቹ (በሁለቱ ጎን የሚያጠቁትም የሚከላከሉትም) ወደኋላ ተገፍተው ተከላካዮቹ 5 ይሆናሉ፣ መሀል ሜዳ ሰው ይጎድላል፣ ተገጭቶ የወጣው ኳስ ሁሉ ለተጋጣሚ ይደርሳል።

የምጨምረው ርቀት ነው። ጣሊያናዊው አሰልጣኝ አሪጎ ሳኪ በኤሲ ሚላን ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ መሀል አጥቂው 25 ሜትር ገደማ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ለእናንተ ከ30 እስከ 35 ይበቃል፤ ጎን ለጎን በቆሙት መካከል ደግሞ ከ8 እስከ 10። መስመሩ መቼ ይውጣ፣ መቼ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ኳሱ ላይ ጫና መኖሩ ነው። ተጋጣሚ ወደኋላ ካቀበለ ወይም ጀርባውን ከሰጠ አራቱም 3 እና 4 ሜትር ይውጡ። ማንም ሳይጫነው ቀና ብሎ ሊመታ ከሆነ ኳሱ ሳይመታ አስቀድመው ይመለሱ። ይህን ያለ ተጋጣሚ፣ አሰልጣኙ ኳስ ይዞ እየተንቀሳቀሰ 10 ደቂቃ ማለማመድ ይቻላል።

የተሻገሩት ኳሶች ምናልባት ሩቁ ቋሚ ጋ የገቡ ናቸው። እዚያ ያለው ተከላካይ ኳሱን ብቻ እያየ ሰውየው ከጀርባው ይገባል። ሰውነቱን ወደ ጎን ከፍቶ ሁለቱንም ማየት፣ ከአጥቂው ይልቅ ለግቡ መቅረብ አለበት። ተከላካይ አማካዩ ደግሞ ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ አይራቅ፤ ከመስመር ወደኋላ የሚመለሰው መሬት ለመሬት ኳስ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ጓንት፦
ስለ ማዕዘን ምት። 4 ሰው በ5.5 ሜትሩ መስመር ላይ በዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ እየጠበቁ)፣ ከእነሱ አንዱ ቅርቡ ቋሚ ፊት። ግንባር ላይ ጎበዝ የሆኑት እዚህ ይሁኑ። 3 ሰው የተጋጣሚን ምርጥ ገጪዎች ሩጫ ይስበር፤ ሥራቸው ኳሱን መግጨት ሳይሆን አጥቂው ተንደርድሮ እንዳይዘል ማድረግ ነው። 2 በሳጥኑ ጠርዝ፣ 1 መሀል ሜዳ።

ከማዕዘን ምት በቀጥታ የመጣ ኳስ ከጨዋታ ውጪ የለውም። ተገጭቶ ወጥቶ እንደገና ሲገባ ግን አለው። ስለዚህ ኳሱ እንደወጣ ሁሉም ተያይዞ እስከ 16.5 ሜትሩ መስመር ሮጦ ይውጣ። አንድ ሰው ቋሚው ጋ ተኝቶ ከቀረ ሁሉንም አጥቂ ሕጋዊ ያደርገዋል፤ ቋሚ ላይ ሰው ማቆም የማልወደው ለዚህ ነው።

ምክትል አሰልጣኝ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ቪዲዮውን ዛሬ አየዋለሁ። ግብ ጠባቂያችን ዝምተኛ ነው፤ ምን ይደረግ? 3ቱን የልምምድ ቀናትስ እንዴት ላከፋፍል?

ጓንት፦
አራት ቃል ብቻ ስጡት፦ «ውጡ»፣ «ተመለሱ»፣ «የኔ»፣ «አርቀው»። «የኔ» ኳሱ አየር ላይ እያለ፣ አንድ ጊዜ፣ ጮክ ተብሎ ይባላል። ዘግይቶ የተባለ «የኔ» ሁለት ሰው ያጋጫል። ከልምምድ ጨዋታው 10 ደቂቃ እሱ ብቻ እንዲናገር፣ ሌላው ዝም እንዲል አድርጉ። ኳሱ በተጋጣሚ ሜዳ ሲሆንም መስመሩ ላይ አይቁም፤ ከግቡ 15 ሜትር ያህል ይውጣ፤ ከቀርፋፋ ተከላካዮቻችሁ ጀርባ የሚጣለውን ኳስ እሱ ይጠርጋል።

ባለ 6 ቁጥር፦
ቀን 1፦ ቪዲዮ 15 ደቂቃ (3 ግብ ብቻ)፣ ከዚያ የሽግግሩ ልምምድ (ሁለተኛ ኳስ የሚጣልበት 8 ለ 8)። ቀን 2፦ የመስመሩ መውጣትና መመለስ፣ ከሁለቱም ጎን 20 ተሻጋሪ ኳስ። ቀን 3 ቀላል ይሁን፤ 12 የማዕዘን ምት ተከላክለው ከሳጥኑ እስኪወጡ። የሁለተኛውን ሳምንት ያንኑ ድገሙ፤ አዲስ ነገር አትጨምሩ። የፍጹም ቅጣት ምቷን ለጊዜው ተዉአት።