ቪ ብሬክ፦ አንዱ ጎን ብቻ ቸርኬውን ይነካል፣ ሲያዝም ይጮኻል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 26 ማውንቴን ሳይክል ነው፤ የፊት ፍሬኑ ቪ ብሬክ (ሁለት ክንዶች ላስቲክ ከግራና ከቀኝ ቸርኬው ላይ የሚጫኑበት)። የግራው ላስቲክ ፍሬን ሳይያዝም ቸርኬውን ይፈትጋል፣ የቀኙ ራቅ ብሎ ቆሟል። ላስቲኮቹ አዲስ ናቸው፤ ሲያዙ ግን ጩኸታቸው ሰፈር ይቀሰቅሳል። ካቦውን ሳላላው እጀታው መሪው ድረስ ይገባል፣ ሳጠብቀው ጎማው አልዞርም ይላል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ካቦውን ለጊዜው ተወው። ሳይክሉን መሬት ላይ አቁመህ የጎማውን ዳዶዎች አላላ፣ አክሰሉ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው መግባቱን አይተህ መልሰህ አጥብቅ። ጎማው ካጋደለ ፍሬን ሲያስተካክሉ መዋል ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ አሽከርክረው። አንድ ቦታ ሲደርስ ብቻ ከነካ ቸርኬው ተጣሟል፤ ያ የራጂ (ቸርኬውን የያዙት ሽቦዎች) ሥራ ነው። ዙሩን ሙሉ ከነካ ሞላው ነው። በየክንዱ ግርጌ፣ በጎን በኩል፣ ትንሽ ብሎን አለች፤ ስትጠብቅ የዚያ ጎን ሞላ ይጠነክርና ላስቲኩን ከቸርኬው ያርቀዋል። የግራዋን ሩብ ዙር አጥብቅ፣ እጀታውን ሁለት ሦስቴ ጨብጠህ ልቀቅ፣ ከዚያ እይ። ሳትጨብጥ አትፍረድ፤ ሞላው ቦታውን የሚይዘው ከተጨበጠ በኋላ ነው። በሁለቱም ጎን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

መልስ 2፦
ስለ ጩኸቱ፦ ላስቲኩ በሙሉ ፊቱ እኩል ሲያርፍ ቸርኬው እየጎተተ ያንቀጠቅጠዋል፤ ድምፁ ያ ነው። የላስቲኩን ብሎን በ5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ አላላ፣ ከኋለኛው ጫፉ ሥር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ካርቶን ሸጉጥ፣ እጀታውን እንደጨበጥክ አጥብቅ። ካርቶኑ ሲወጣ ወደ ሳይክሉ ፊት ያለው ጫፍ ቀድሞ ይነካል።

እግረ መንገድህን ከፍታውንም እይ። ላስቲኩ ጎማውን ከነካ ጎኑን እየበላ ያፈነዳዋል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ እያለቀ ሲሄድ ይባስ ይወርድና ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ራጂ ውስጥ ይገባል። ቸርኬውን በአልኮል ጥረገው፤ በነጭ ጋዝ አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል።

ጠያቂ፦
የግራዋን ብሎን ሦስት ሙሉ ዙር አጠበቅኳት፤ ክንዱ ንቅንቅ አላለም።

መልስ 1፦
እንግዲያው ክንዱ የሚዞርበት ምሰሶ ዝጓል። ካቦውን ንቀልና ክንዱን በእጅህ ግፋው፤ ስትለቀው ወዲያው ካልተመለሰ ነገሩ እሱ ነው። ክንዱን ምሰሶው ላይ የያዘውን ብሎን ፈትተህ ክንዱን አውጣ፣ የሞላው ጫፍ የገባበትን ቀዳዳ ልብ በል (ቀዳዳዎቹ ሦስት ከሆኑ ሁለቱንም ክንድ መካከለኛው ላይ አድርግ)። ምሰሶውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገህ ስስ ግራሶ ቀባ። ላስቲኩን እንዳይነካ።

መልስ 3፦
ካቦው የመጨረሻ ነው። እጀታው ላይ ያለችውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻ አስገብተህ ሁለት ዙር መልሳት፣ ካቦውን በፒንሳ ስበህ እሰር። ከዚያ እጀታውን ባለህ ኃይል ጨምቀው፤ ካቦው የሚያመልጥ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ሳይሆን እዚያው ያምልጥ።